መልስ፦ ባሌ ፖሊስ ማሰልጠኛ ከገባ ወዲህ ዝምተኛ ሆነብኝ

እህቴ፣ «ቅዳሜ ቤት ሲመጣ ተኝቶ ይውላል፤ ሲደውልም ሁለት ቃል ተናግሮ ይዘጋል፤ ጠላኝ እንዴ?» ብለሻል። አይመስለኝም። የኔም ባል በዚያው አልፏል።

ሰልጣኝ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ይሮጣል፣ ይሰለፋል፤ ከዚያ ደግሞ የወንጀል ሕግና የማስረጃ አያያዝ ትምህርት ይጠብቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲጮኹበት የዋለ ሰው ማታ ወሬ አያምረውም። ስልክም ብዙ ጊዜ በሰዓት ነው የሚፈቀደው፤ ያውም ጓደኞቹ አጠገቡ ቆመው። እዚያ መሀል «ናፍቀሽኛል» ማለት ይከብዳል።

ቤት ሲመጣ መጀመሪያ ይተኛ። ለፈተና ሲያጠና ግን ደብተሩን ተቀብለሽ አንቺ ጠይቂው። እኛን ያቀራረበን ይሄ ነው፤ እኔም ብርበራ መቼ እንደሚፈቀድ ሳልወድ በግድ ተማርኩ። የቤቱን ጣጣ አትደብቂው፤ ገንዘብ ካጠረሽ ንገሪው፣ ብቻ የፈተና ዋዜማ ላይ አይሁን።

ድካም ሌላ፣ ንቀት ሌላ ነው። አንቺ ላይ እንደ አሰልጣኝ መጮህ ከጀመረ ዝም አትበይ።

ደግሞ በምረቃው ሁሉም ያልቃል ብለሽ አትጠብቂ። በብዙ ቦታ ከዚያ በኋላ ከነባር ፖሊስ ጋር የሚሠራበት የልምምድ ጊዜ አለ፤ የሌሊት ፈረቃም ይመጣል። ከአሁኑ ተነጋገሩበት።