ዲኤንኤያችሁን ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ?

ልጆቼ፣

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ገብታችሁ የባዮሎጂ ላብራቶሪ ከወሰዳችሁ፣ አንድ ቀን መምህራችሁ ትንሽ የጨው ውሃ በኩባያ ሰጥቶ «ተጉመጥመጡና መልሳችሁ ትፉት» ሊላችሁ ይችላል። ውሃው ከጉንጫችሁ የተላቀቁ ሴሎችን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ሴሎቹን በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሮ ማዝቀጥ፣ አፍልቶ ዲኤንኤውን ማውጣት፣ የሚፈለገውን ቁራጭ ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ መገልበጫ ዘዴ ማባዛት። እኔ ይህን ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። የፒፔትን፣ ያችን ጥቂት ፈሳሽ መለኪያና ማንሻ፣ አያያዝ መምህራችሁ ያሳያችኋል፤ እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ጥያቄው ነው። ዲኤንኤ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፣ እኛ ግን ያልጠየቅነውንም የመለሰልን ይመስለናል።

አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪ የሚመረጠው የመራራ ጣዕም ጂን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ አርተር ፎክስ የሚባል ኬሚስት ፒቲሲ የተባለ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ ተነሣ፤ አጠገቡ የነበረው ባልደረባው «ኧረ ይመራል!» ሲል ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ዛሬም ተማሪዎች በዚያ ኬሚካል የተነከረች ቁራጭ ወረቀት ምላሳቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዱን እንደ ኮሶ ይመረውና ፊቱን አጨፍግጎ ውሃ ፍለጋ ይሮጣል፤ ጎኑ የተቀመጠችውን ደግሞ ወረቀት ወረቀት ይላታል።

ከዚያ ወደ ጄሉ ይኬዳል፤ የዲኤንኤ ቁራጮችን በርዝመታቸው የሚለይ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ረጅሙ ከላይ ይቀራል፣ አጭሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ እያንዳንዱም ባንድ የሚባል መስመር ሆኖ ይታያል። ጂኑ 7ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። በፒሲአር የምታባዙት ቁራጭ 221 ፊደል ይረዝማል። የሚቀምሰው ዓይነት ቅጂ ከሆነ ዲኤንኤ የሚቆርጠው ኢንዛይም 177 እና 44 አድርጎ ይቆርጠዋል፤ የማይቀምሰው ዓይነት ከሆነ ሳይነካው ያልፋል። ከእናትና ከአባት የወረሳችኋቸው ሁለቱም ቅጂዎቻችሁ ከተቆረጡ ባንዱ ዝቅ ብሎ ይታያል። አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ከላይም ከታችም ይኖራችኋል። 44ቱን አትፈልጉት፣ በጣም ደብዛዛ ስለሆነ ከፕራይመር፣ ማለትም ፒሲአሩን ከሚያስጀምሩት አጫጭር ቁራጮች፣ ቅሪት ጋር ይምታታል።

አንዲት የእኛ ልጅ ወረቀቱን ቀምሳ ምንም አልመረራትም። ጄሉ ላይ ግን ሁለቱም ባንዶች ወጡላት፤ የሚቀምሰው ቅጂ አላት ማለት ነው። «ጋሼ፣ የእኔ ከሌላ ሰው ጋር ተቀላቅሎ ይሆን?» አለችኝ። በዲኤንኤ ፋንታ ውሃ የተጨመረበትን ረድፍ አብረን አየነው፤ ባዶ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የተጠቀምንባቸው ፈሳሾች አልተበከሉም። ከራሷ ቲዩብ ወስደን ሥራውን እንደገና ሠራን፤ ያው ሆነ። ዝም ብላ ትንሽ ከቆየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬም አባዬም አይመራቸውም፤ ወረቀቱን ቤት ወስጄ አቅምሻቸዋለሁ። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» አለች።

እዚህ ላይ ነው ልብ የምትሉት። የተጠየቀው ስለ ምላስ ነበር፤ እሷ የሰማችው ግን ስለ አባቷ ነው። ከዲኤንኤ ምርመራ በፊት በነበረው ዘመን ይህን የጣዕም ልዩነት ለአባትነት ማጣሪያ የተጠቀሙበት ሰዎች ስለነበሩ በእሷ አልተፈረደም። መልሱ ግን የራሷ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቅጂው እያላት የማይመራት ሰው ራሷ ናት፤ እናቷም ወይም አባቷም እንደዚያው ቢሆኑ ምን ይገርማል? ጣዕምን የሚወስነው አንድ ጂን ብቻ አይደለም፣ ወጥ ቤት ቆሞ «አይመረኝም» ማለትም የላብራቶሪ ውጤት አይደለም። ይህን ስነግራት ትከሻዋ ወረደላት። እኔ ግን ሳልነግራት ቤቷ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ዲኤንኤያችሁ ግማሹ የእናታችሁ፣ ግማሹ የአባታችሁ ነው፤ ከወንድም ከእህታችሁም ጋር ትጋሩታላችሁ። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ቤተ ሰብ ከማቅመሳችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ሌላው ደግሞ ጥያቄው መጀመሪያ ለማን ተብሎ እንደተዘጋጀ ማወቅ ነው። የወተት ጂን የሚባለውን ውሰዱ። ካደጉ በኋላ ወተት የሚስማማቸውን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚታየው ዲኤንኤው ላይ 13910 የተባለው ቦታ ነው፤ እሱ ላይ ያለው ለውጥ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ግን በአቅራቢያው ያሉ ሌሎች ለውጦችን ነው፤ 13907፣ 13915፣ 14009። እንግዲህ አያቶቹ በግመል ወተት ያደጉ፣ ራሱም አንድ ብርጭቆ ወተት ጭልጥ አድርጎ የሚጠጣ ልጅ ያንን አንድ ቦታ ብቻ አስመርምሮ «ወተት አይስማማህም» ሊባል ይችላል። ማሽኑ አልተሳሳተም። ያልተጠየቀውን ከየት ያምጣው? እንዲህ ያለ ውጤት ሲገጥማችሁ ሆዳችሁን እመኑና መምህራችሁን «የትኛውን ቦታ ነው ያየነው?» በሉት። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ከሃያ ባንድ በላይ ደስ ያሰኘኛል።

የክፍል ሥራ የሐኪም ምርመራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢዎች የምራቅ መቀበያ ልኮ ሦስት ጂን ሊያይላቸው አስቦ ነበር፤ የወተት፣ የአልኮልና የፎሊክ አሲድ። የካሊፎርኒያ የጤና መሥሪያ ቤት ለየተማሪው የሚነገር ውጤት ፈቃድ ካለው የሕክምና ላብራቶሪ መውጣት አለበት ብሎ ስለወሰነ፣ በመጨረሻ የተነገረው የሁሉም ጥቅል ውጤት ብቻ ሆነ። ብዙ መምህራን ውሳኔው ትምህርት ላይ ጣልቃ መግባት ነው ብለው ተቆጥተዋል። እኔ በውሳኔው እስማማለሁ። ፒፔት ከያዘ ሁለተኛ ሳምንቱ የሆነ ልጅ ያወጣውን ባንድ ይዞ አመጋገብ መለወጥ ወይም መድኃኒት ማቆም አይገባም።

ጄሉ የጣማችሁ ልጆች ቀጥሎ የሚመጣላችሁ ሐሳብ በፖስታ ምራቅ ለሚቀበሉት ኩባንያዎች መላክ ነው። አትላኩ አልልም። ግን ከእነሱ አንዱ የሆነው ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹ መረጃ ተዘርፎበታል፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ሰዉም መረጃውን ለማስጠፋት ተሯሯጠ። በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አሠሪያችሁና የጤና ኢንሹራንሳችሁ በዲኤንኤ ምርመራ ውጤታችሁ እንዳያደሉባችሁ ይከላከላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ምራቁ ዛሬ ስለ ዘር ሐረግ ተጠይቆ ነገ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ነገር ሊጠይቀው ይችላል።

በክፍል ውስጥም ቢሆን የራሳችሁን መስጠት ካልፈለጋችሁ ለመምህሩ ንገሩት፤ ምክንያት መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። እኔ ለዚህ ብዬ ተገዝቶ የመጣ ዲኤንኤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አላጣም፤ ውጤቱም ማርኩም ያው ነው። የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ ቲዩቡ ላይ ስማችሁን ሳይሆን ቁጥር ጻፉ፣ ናሙናው ወደ ውጭ ድርጅት ይላክ እንደሆነ ጠይቁ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማን እንደሚጥለውም ጠይቁ። መምህሩ «እኔ ነኝ የምጥለው» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ ሲጥለው ቆማችሁ እዩ፤ ቅር የሚለው መምህር አይመስለኝም።