የአምቦ ውሃው ይቆየንና ስለ ሰገራዎ እናውራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጅማ መርካቶ ቡና እየነገድኩ ነው የምኖረው። ጨጓራ ካመመኝ ቆይቷል። በቀን ሁለት ሦስት ጠርሙስ አምቦ ውሃ እጠጣለሁ፤ ሲያገሳኝ ቅልል ይለኛል። ሲብስብኝ የአሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞል ገዝቼ እውጣለሁ፤ ለወገቤ ደግሞ ዳይክሎ የምትባል የሕመም ማስታገሻ አለች። አሁን ጓደኞቼ ጋዙ አጥንት ያሳሳል፣ ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሠራል እያሉ አስፈራሩኝ። አባቴም በጨጓራ ነው ያረፈው። ሰሞኑን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ቡና ስለማበዛ መሰለኝ። የአምቦ ውሃን ጥቅምና ጉዳት ቢያስረዱኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ስለ አምቦ ውሃ ነው፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን የአባትዎ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። አምቦ ውሃ የጨጓራ ካንሰር አያመጣም። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በየትንፋሻችን የምናስወጣው ያው ጋዝ። ውሃውን ትንሽ ያኮመጥጠዋል እንጂ ጨጓራዎ ራሱ ከሚያመነጨው አሲድ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ደግሞ በጨጓራ ሞተ የተባለ ሰው ሁሉ በካንሰር አልሞተም። ሳይመረመሩ፣ ቁስሉ እየደማ ያለፉ ብዙ ናቸው። በእርስዎ ዕድሜ ጨጓራዬን የሚል ሰው ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው የጨጓራ መቆጣት ወይም ቁስለት ነው። ሁለቱም ይድናሉ። በዚህ በኩል ይረጋጉ።

አሁን ደግሞ አይረጋጉ።

የሰገራዎን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል አድርገው ነው ያለፉት። ቡና ሰገራን እንደ ሬንጅ አያጠቁርም። ቢያጠቁርማ የጅማ ሰው ግማሹ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ሁሉ ቢደጋግሙት እንኳ ሬንጅ አይሆንም። ይህን አባባል በየጊዜው እሰማዋለሁ፣ በሰማሁት ቁጥርም እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰው በዚህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ቤቱ ይቀመጣል።

ጨጓራ ወይም ከሱ ቀጥሎ ያለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ሲደማ ደሙ ቀይ ሆኖ አይወጣም። መንገድ ላይ ከአሲድና ከምግብ ጋር ተቀላቅሎ ይጠቁራል። ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ውሃ ቢደፉበት ቶሎ አይለቅም። ሽታውም የተለየ ነው፤ የለመደ ነርስ ከኮሪደሩ ማዶ ይለየዋል። ሰገራ እንዲህ እስኪሆን ብዙ ደም አያስፈልግም። ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በቡና ሲኒ ቢለኩት አንድ ወይ ሁለት ሲኒ። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረት እንክብልም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሱ ጥቁረት ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ እንዲህ አይጣበቅም፣ እንዲህም አይሸትም። እርስዎ ደግሞ ብረት እወስዳለሁ አላሉኝም።

ሕመሙ ስለቀነሰ ተሽሎኛል ብለውም ይሆናል። የሚደማ ቁስል ሁልጊዜ አያምም፤ በተለይ ዳይክሎ የሚወስድ ሰው ሆዱን ቅንጣት ሳይሰማው ሊደማ ይችላል። ከመቀመጫዎ ብድግ ሲሉ ያዞርዎታል? ቁጭ ብለው ልብዎ ይደልቃል? ወደ ጅሬን ዳገቱን ሲወጡ እንደ ድሮው ሳይሆን መሐል ላይ ቆመው ይተነፍሳሉ? የታችኛውን የዓይን ቆብዎን ወደ ታች ሳብ አድርገው በመስታወት ይዩት፤ ውስጡ ነጣ ካለ ደም አንሶዎታል ማለት ነው። ከነዚህ አንዱ ካለ፣ ወይም ደም አለዚያም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለስዎት፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ጋ ያቁሙትና ይሂዱ።

ምንም ባይኖርም ዛሬውኑ ይሂዱ። ነገ ገበያ አለኝ የሚል ነገር አልሰማም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚያው ከተማዎ ውስጥ ነው፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሲደርሱ የመጀመሪያ ቃልዎ "ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ ዳይክሎ እወስዳለሁ" ይሁን። "ጨጓራ ያመኛል" ብለው ከጀመሩ ጨጓራ ከሚያመው ሕዝብ ጋር ወረፋ ይይዛሉ። ደምዎን ይለካሉ፤ ምናልባት በቀጭን ቱቦ ጫፍ ባለ ካሜራ ውስጥዎን ያዩ ይሆናል። ደስ አይልም፣ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚደማውን ቁስል እዚያው ማስቆም ይቻላል። ይህ የሚድን ነገር ነው።

እና ይቺ "አለች" ያሏት ዳይክሎ! እንደ ጎረቤት ልጅ ነው እኮ ያነሷት። ዳይክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን የሚያሳሳ መድኃኒት ነው። በመርፌም ቢሆን ያው ነው፤ በደም ዞሮ ጨጓራዎን ያገኘዋል። "በመርፌ ስለምወጋው ጨጓራ አይነካም" ከሚሉ ሰዎች ጋር መከራከር ሰልችቶኛል። ዳይክሎው ያቆስላል፣ ኦሜፕራዞሉ ሕመሙን ያደበዝዛል፣ አምቦ ውሃው ያስገሳል፣ እርስዎም ተሻለኝ ይላሉ። ካመመኝ ቆይቷል ነው ያሉት። ቆይቷል ማለት ስንት ወር ነው? በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሐኪም አላየዎትም? ዳይክሎውን አሁኑኑ ያቁሙት። ወገብዎ እስኪታይ ድረስ ለጊዜው በፓራሲታሞል ይቻሉት።

ሌላው ተጠርጣሪ ሰዉ በደፈናው "ባክቴሪያ" የሚለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ነው። ድሮ የጨጓራ ቁስለት ሁሉ በበርበሬና በጭንቀት ይሳበብ ነበር። ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመና ነገሩን አሳየ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። እርስዎ ያን ያህል አይጠበቅብዎትም፤ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል። ከተገኘብዎት አንቲባዮቲኮቹን ከአሲድ መቀነሻው ጋር የታዘዘልዎትን ቀን ሁሉ ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም የለም።

እሺ፣ አምቦ ውሃው። ሲያገሳዎት የሚቀልዎት በአብዛኛው የጠጡት ጋዝ ራሱ ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። ባይጠጡት የሚወጣም ባልነበረ። ውስጡ ያለው ባይካርቦኔትም አሲዱን ለትንሽ ጊዜ ያበርደዋል፤ ያ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይደለም። ቃር ላለበት ሰው ደግሞ ጋዙ ጨጓራን ስለሚነፋው ጭራሽ አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። አጥንት ያሳሳል የሚባለው ከኮላ ጋር ተምታቶ ነው፤ ኮላ አዘውትረው በሚጠጡ ሴቶች ላይ የአጥንት መሳሳት ታይቷል፣ ባለጋዝ ውሃ ላይ ግን አልታየም። ጠጠሩም እንደዚያው፤ ለጠጠር ዋናው ጠላት ውሃ አለመጠጣት ነው። ከስኳር ነፃ ስለሆነ ለስላሳን ለመተው ለሚታገል ሰው እንዲያውም ጥሩ ነው። ሆድ ድርቀት ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎችም ይረዳል። በነገራችን ላይ በርጫ ላይ ከጫት ጋር የሚጠጡት ከሆነ፣ ሆድዎን የሚያደርቀው ጫቱ ነውና ጥፋቱን ውሃው ላይ አይጫኑ።

ግፊት ወይም የልብ ድካም ካለብዎት ግን ሶዲየም ስላለው ልኩን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሎሚ የሚጨምቁበት ከሆነም ለጥርስዎ ሲሉ ይተዉት፤ ጥርስን ይበልጥ የሚበላው ሎሚው ነው።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ ከምሳ ጋር አንድ ጠርሙስ ቢጠጡ አልቆጣም። ለዛሬው ግን የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ በሙሉ ይሰብስቡ፣ የዳይክሎውንም ጭምር፤ ሊያዞርዎት ስለሚችል ብቻዎን አይውጡ፤ ሰው ይዘው በባጃጅ ይሂዱ።