«የቀረው በረከት ነው» ያልሁት ሠዓሊ

የአንባቢ ደብዳቤ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

እኔ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የምኖር፣ ለ34 ዓመታት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የአጥቢያችን ምእመናን ያረጀውን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ለማሠራት ሲነሡ የሕንፃ አሠሪው ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። የምጽፍልዎም በዚህ ኃላፊነት ላይ ሳለሁ በገዛ አንደበቴ ስለ ተናገርሁት፣ ያን ጊዜ መልካም ንግግር መስሎኝ ስለ ነበረ፣ አሁን ግን እንቅልፍ ስለሚነሣኝ አንድ ቃል ነው።

ሕንፃው ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳውም ተለስኖ ካለቀ በኋላ መቅደሱን በሥዕል የሚያስጌጥ ሰው ሲፈለግ የክርስትና ልጄን የጠቆምሁት እኔ ነኝ። ልጁ ሥዕልን ከአንድ አረጋዊ መሪጌታ ሥር ሆኖ የተማረ ሲሆን፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የሱቅ ማስታወቂያና የባጃጅ ጌጥ እየሠራ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ያስተዳድራል። መጥቶ ግድግዳውን ከለካ በኋላ አቡጀዲውን፣ ቀለሙንና ሙጫውን ራሱ ችሎ ለመሥራት 180,000 ብር ጠየቀ። ሊቀ መንበራችን «ይህ እኮ የእግዚአብሔር ቤት እንጂ የሱቅ ግንባር አይደለም፤ በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ ተብሏል» አሉት። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም በክርስትና አባትነቴ ተመክቼ፣ «ልጄ፣ 95,000 እንሰጥሃለን፤ ገንዘብ ከተገኘ እንጨምርልሃለን፤ የቀረው በረከት ነው» አልሁት። አንገቱን ደፋ እንጂ እሺም እምቢም አላለም። ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጠርሁት።

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሰባት ወር ሙሉ ሠራ። የመንዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል ያውቁ ይሆናል፤ ልጁ ማለዳ ጣቶቹን በፍም እያሞቀ ፖንቴው ላይ ይወጣ ነበር። ሥራው ሲያልቅ በስቅለቱ ሥዕል ግርጌ በትንንሽ ፊደላት ስሙን ጻፈ። ኮሚቴው «ለእግዚአብሔር በተሠራ ሥራ ላይ ስም መጻፍ ልማዳችን አይደለም» ብሎ በገዛ እጁ እንዲያጠፋው አደረገ። በመግቢያው በር በኩል ግን ቆርቆሮና ሲሚንቶ የለገሱ ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ቆሟል፤ የእኔም ስም አለበት።

ለአዲስ ዓመት ደግሞ ኮሚቴው የሥዕሎቹን ፎቶ አንሥቶ 800 የግድግዳ ካላንደር አሳተመ። እያንዳንዱ በ100 ብር ተሸጦ፣ የኅትመቱ ወጪ ሲነሣ 52,000 ብር ገቢ ሆነ። በሽያጩ ዕለት አንዱ ተናጋሪ «እኛ እኮ አንኮበር ላይ የተወለዱት የአፈወርቅ ተክሌ አገር ልጆች ነን» ብሎ ብዙ ተጨበጨበለት። የሥዕሎቹ ባለቤት በቦታው አልነበረም፤ ካላንደሩ መታተሙንም የሰማው ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተሰቅሎ ሲያየው ነው። ኋላ የምስክር ወረቀትና ጋቢ ብንልክለት ሁለቱንም መለሰ።

ባለፈው ቅዳሜ እናቱን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «አበልጅ፣ ልጅዎ የዚያን ጊዜውን የቤት ኪራይ ዕዳ አሁንም እየከፈለ ነው» አሉኝና ሌላ ሳይጨምሩ አለፉ። ቤቴ ገብቼ መዝገቤን ገለጥሁ። ግንበኛው፣ አናጺው፣ ብረት በያጁ፣ በቀን 400 ብር ድንጋይ ያመላለሱት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ፣ የሁሉም ሒሳብ ሳይጎድል ተከፍሏል። «የቀረው በረከት ነው» የተባለ ሌላ ሰው በመዝገቡ ውስጥ የለም። ልጁ ለአቡጀዲ፣ ለቀለምና ለሙጫ 58,000 ብር ያወጣበትን ደረሰኝም በጊዜው አሳይቶኝ ነበር።

አሁን በባንክ 140,000 ብር አለን፤ ኮሚቴው ለኅዳር ቅዳሴ ቤት ድግስ፣ ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ መድቦታል። ጉዳዩን ባነሣ «ተስማምቶ ወስዷል፤ ያለቀ ነገር ነው» አሉኝ። በእውነት ዕዳ አለብን ወይ? ካለብንስ ሁለቱን በሬዎቼን ሸጬ በዝምታ ብከፍለው ይሻላል ወይስ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ልጠይቀው?

የክርስትና አባቱ፣ ከመንዝ

የአዘጋጁ መልስ

የተከበሩ አባቴ፣

ገንዘብ ያዥ ነዎትና ከሒሳብ ብነሣ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። ከ95,000 ብር ላይ ለዕቃ የወጣው 58,000 ሲነሣ ለልጁ የቀረው 37,000 ነው፤ ለሰባት ወር ሲካፈል በወር 5,300 ብር ገደማ ይሆናል። በቀን 400 ብር የተከፈለው ድንጋይ አመላላሽ በወር 26 ቀን ቢሠራ 10,400 ብር ያገኛል። እንግዲህ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየውን ሥዕል የሠራው እጅ ያገኘው፣ ሥዕሉ ያረፈበትን ድንጋይ የተሸከመው ትከሻ ካገኘው በግማሽ ያህል ያነሰ ነው። ትከሻው በዝቶለታል ማለቴ አይደለም፤ ለእርሱ ትክክል ሠርታችኋል።

ይህ ከስስት የመጣ አይመስለኝም። ለግንበኛው ሲከፈል ማንም ያልተከራከረው ድንጋይ ሲነሣ ስለሚከብድና ላቡም ስለሚታይ ነው፤ ሠዓሊው ግን አንዲት ዓይን ለመሣል ብሩሹን ይዞ ግማሽ ቀን ሲያስብ ላየው ሰው ያረፈ ይመስላል። በመሪጌታው ሥር ያሳለፋቸው ዓመታትም ደረሰኝ የላቸውም። ተሰጥኦ ነው እንላለን፤ ተሰጥኦ ነውና በነጻ ይገባናል ወደሚል እንሻገራለን። ሊቀ መንበሩ የጠቀሱት «በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ» የሚለው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 8 ላይ ይገኛል፤ ከዚያው ሁለት ቁጥር ዝቅ ቢሉ ደግሞ ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋል ይላል። መምህር ስለሆኑ ንባቡን እስከ መጨረሻው ያላደረሰ ተማሪ ምን ያህል እንደሚሳሳት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

በረከትን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የዚህ መልስ ዋናው ጉዳይም እርሱ ነው። በረከት ሰው ከገዛ እጁ ወድዶ ሲሰጥ ለራሱ የሚያገኘው ነገር ነው። ቆርቆሮ የለገሱት ሰዎች ገንዘቡ መጀመሪያ በእጃቸው ነበር፤ ሊሰጡትም ሊተዉትም ይችሉ ነበር፤ ሰጡት፤ ስማቸውም ተቀረጸ። ልጅዎ ግን 85,000 ብር እንዲሰጥ የጠየቀው የለም፤ ገና እጁ ሳይገባ ኮሚቴው ራሱ ቀንሶ አስቀረውና በረከት የሚል ስም ሰጠው። በሌላ ሰው ኪስ ለቤተ ክርስቲያን መለገስ አይቻልም። ሙሉ ዋጋውን ተቀብሎ፣ በማግስቱ ከፊሉን አምጥቶ «ይህ የእኔ ስጦታ ነው» ቢል ኖሮ ያ በረከት ነበር፤ ስሙም ከእርስዎ ስም አጠገብ በእብነ በረዱ ላይ ይቀረጽ ነበር።

ምናልባት በኮሚቴው ውስጥ ዱሮ ሠዓሊ መቼ በገንዘብ ይሠራ ነበር የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ዱሮ ሠዓሊውን ያሠራው ባላባት ወይም ገዳም ቀለቡን፣ ልብሱንና ማደሪያውን ይችል ነበር፤ ካህኑና ደብተራውም ስለ አገልግሎታቸው የሚያርሱት የሰሞን መሬት ነበራቸው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ ሥርዓት ቀረ። ያ ክፍያ ከቀረ በኋላ «እንደ አባቶቻችን ሥራ» ብሎ መጠየቅ አባቶቻችን የሰጡትን ሳይሰጡ የተቀበሉትን ብቻ መፈለግ ነው። ልጅዎ የደብረ ብርሃን ቤት አከራዩን በበረከት አይከፍላቸውም።

ስም መጻፍ ልማዳችን አይደለም የተባለውንም ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ብዙ ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን እንዳልጻፉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ደብረ ብርሃንን በመሠረቱት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ ስሙ በሥዕሉ ላይ ተጽፎለታል፤ ሥዕሉም በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። የአፈወርቅ ተክሌንም ስም በመድረክ ላይ ጠርቶ ማስጨብጨብ የተቻለው ስማቸውን ያጠፋ ኮሚቴ ስላልገጠማቸው ነው። ያሠራው ሰው ስም ይጻፍ፣ የሠራው ሰው ስም ይጥፋ የሚለው ፍርድ ከየት እንደመጣ ኮሚቴው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በሕግ በኩል ነገሩ ሁሉ ለልጁ ያደላል ብዬ አላታልልዎትም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለቀረበ ሐሳብ ዝም ማለትን እንደ መቀበል አይቆጥርም፤ ነገር ግን ሥራውን መጀመሩ መቀበሉን ያሳያል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ስለ ካላንደሩ ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በውል ታዝዞ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው እንደሚሆን ስለሚደነግግ፣ ኮሚቴው በዚህ በኩል የሚይዘው ነገር አለው። የማይይዘው የሞራል መብቱን ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ይሁን፣ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የማለት መብት ከሠሪው ጋር ይኖራል። ስሙን ከግድግዳው ማስጠፋታችሁና በ800 ካላንደሮች ላይ መተዋችሁ ከዚህ መብት ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ከሕጉ ሁሉ ይልቅ ግን የሚያስረው የራስዎ ቃል ነው። «ገንዘብ ከተገኘ እንጨምርልሃለን» ብለውታል። ገንዘቡ ተገኝቷል፤ 140,000 ብር በባንክ አለ፤ ከዚህ ውስጥ የልጁ ሥዕሎች ያመጡት 52,000 ብር ይኖርበታል ብዬ እገምታለሁ። ተስማምቶ ወስዷል የሚሉት ሰዎች የስምምነቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስታውሱት። ስለዚህ ዕዳ አለባችሁ ወይ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አዎን ነው፤ መጠኑም 85,000 ብር ነው።

በሬዎችዎን አይሽጡ። የኮሚቴውን ዕዳ በስውር ቢከፍሉ ልጁ የተበደለው ከክርስትና አባቱ ብቻ ይመስላል፤ ኮሚቴውም ለሚቀጥለው ሠዓሊ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ይልቁንም መዝገቡን ይዘው ስብሰባ ይጥሩ፤ ከላይ የሠራነውን ሒሳብ ያንብቡላቸው፤ ከድግሱ ገንዘብ ላይ 85,000 ተነሥቶ ለሠዓሊው እንዲከፈል በቃለ ጉባኤ ያስይዙ። በቀረው 55,000 ብር ጠበል ጸዲቅ ማድረስ ይቻላል፤ ድንኳንም ከዕድር መዋስ ይቻላል። እምቢ ካሉ የእርስዎ ልዩነት በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ አድርገው ጉዳዩን ለሰበካ ጉባኤው ያቅርቡት። ካላንደሩ ዳግመኛ የሚታተም ከሆነም የልጁን ስምና ድርሻ የሚወስን አጭር ውል አስቀድሞ ይጻፍ።

ሽማግሌ መላክን ግን አሁን አልመክርዎትም፤ ይህን ስል ለሽምግልና ንቀት ኖሮኝ አይደለም። ሦስት ጋቢ የለበሱ አረጋውያን ደጁ ቆመው «ስለ እግዚአብሔር» ሲሉት ያ ልጅ ይቅር ከማለት በቀር ምን ምርጫ አለው? በመጀመሪያው ቀን አንገቱን ያስደፋው ነገር እንደገና አንገቱን ያስደፋዋል፤ ዕዳውም በይቅርታ ስም ይሰረዛል። ገንዘቡ በእጁ ከገባ በኋላ ለመታረቅ ሽማግሌ ቢያስፈልግ ያን ጊዜ ይላካል።

እርስዎ ግን ይሂዱ። አስጠርተውት ሳይሆን ራስዎ ደብረ ብርሃን ወርደው፣ «ያን ቃል መናገር አልነበረብኝም» ይበሉት፤ ምክንያት አይደርድሩ፤ ከገንዘቡ መልሶ ለቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥም በጎንዮሽ እንኳ አያንሡበት። በስቅለቱ ግርጌ ስሙን መልሶ ይጽፍ እንደሆነ ይጠይቁት፤ አልጽፍም ካለ መብቱ ነው። የመለሰውን ጋቢ ይዘውለት ቢሄዱም ደግ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድም የዋዛ አይደለም፤ ብቻ ከፌስታሉ የሚያወጡት ገንዘቡን ቆጥሮ በደረሰኙ ላይ ከፈረመልዎ በኋላ ይሁን።