እኔም ካርድ አስመታለሁ፣ ታዲያ አርቲስት ነኝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ለንደን ነው። ከጓደኛዬ ጋር ሙዚየም ገብተን አንድ አጭር ፊልም አየን። ሰውዬው የሠራተኛ ሰዓት መቆጣጠሪያ ማሽን አጠገብ ቆሟል፣ ፀጉሩ ያድጋል፣ አለቀ። ለአንድ ዓመት በየሰዓቱ ካርድ ሲያስመታ ነበር ይላል ጽሑፉ። እኔም እኮ ሥራ ስገባና ስወጣ ካርድ አስመታለሁ! ይሄ በምን ሂሳብ ነው ጥበብ የሚባለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው የአርቲስቱ የቴቺንግ ሼ ሥራ ነው። ከራስሽ ካርድ ጋር ማወዳደርሽ ደግሞ ትክክል ነው፤ ማሽኑ የሠራተኛ ማሽን ነው፣ የለበሰውም የሠራተኛ ዩኒፎርም ነው።

ቴቺንግ በ1950 ታይዋን ተወለደ። በ1974 መርከበኛ ሆኖ አሜሪካ ሲደርስ ፊላደልፊያ አካባቢ ከመርከቡ ጠፋ። ከዚያ ኒውዮርክ ገባ። ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠበ፣ ወለል እየጠረገ፣ 14 ዓመት ያለ ወረቀት ኖረ። ይህን ሥራ የሠራው እንዲያ እየኖረ ነው።

ኤፕሪል 11 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ፀጉሩን ተላጭቶ ጀመረ። ቀንም ሌሊትም፣ ሰዓቱ ሞላ ባለ ቁጥር ካርዱን ያስመታል፣ ካሜራው አንድ ፎቶ ያነሳዋል። ይሄ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ነው። እስቲ አስቢው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ መተኛት የለም፣ ከቤት ወጥቶ ራቅ ማለት የለም፣ ፊልም ቤት ገብቶ እስከ መጨረሻው ማየት የለም።

ካንቺ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አንቺ በመግቢያና በመውጫሽ መሃል ሥራ አለሽ፣ ወር ሲደርስ ደሞዝ አለሽ። እሱ ሥራውንም ደሞዙንም አውጥቶ ሰዓቱን ብቻ አስቀረው። እኛ በደሞዝና በኃላፊነት ተሸፍኖ የማናየው ነገር፣ ማለትም አንድ ሰው ዕድሜውን በሰዓት እየቆረሰ መስጠቱ፣ ምንም ሳይሸፍነው ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ለኔ ጥበብ ያደረገው ይሄ ነው። ድካሙ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ ሰው ከዚያ የባሰ ይደክማል።

ፊልሙ ደግሞ በጣም ብልህ ነው። በሰከንድ 24 ፎቶ ያልፋል፣ ቀኑም 24 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ሰከንድ የሱ አንድ ሙሉ ቀን ናት። ዓመቱ በ6 ደቂቃ ገደማ አለቀ። የማሽኑ ሰዓት ይሽከረከራል፣ ሰውዬው ይንቀጠቀጣል፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ያመለጡትን የመዘገበበትን ወረቀት ነው። በዓመት ካሉት 8,760 ሰዓታት 133ቱ አምልጠውታል። አልደበቃቸውም። 94ቱ ተኝቶ፣ 29ኙ ዘግይቶ፣ 10ሩ ቀድሞ በመምታቱ ብሎ በምክንያት ለያቸው። ካርዶቹን ራሱ ብቻ አልነበረም የያዛቸው፣ ምስክር ይፈርምባቸው ነበር። በጣም ደስ የሚለኝ ታማኝነቱ ነው፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው መሆኑን ከሥራው ውስጥ አላወጣውም።

በነገራችን ላይ ብቸኛው ሥራው አይደለም። ከዚያ በፊት ሳያወራ፣ ሳያነብ አንድ ዓመት በሠራው የእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጧል። ከ1981 ጀምሮ አንድ ዓመት ጣሪያ ሥር ሳይገባ ኒውዮርክ ውስጥ ደጅ አደረ፤ ፖሊስ ይዞት ለ15 ሰዓት ያህል በግድ ቤት ውስጥ ከመቆየቱ በቀር። በ1983 ደግሞ ከአርቲስት ሊንዳ ሞንታኖ ጋር 2.4 ሜትር በሆነ ገመድ ወገብ ለወገብ ታስረው፣ ሳይነካኩ፣ ዓመት ኖሩ።

ጓደኛሽን ይዘሽ ተመለሺ። ፊልሙን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፣ ካርዶቹ ከተሰቀሉ አጠገባቸው ቆማችሁ ባዶ ቦታ ያለባቸውን ፈልጉ። የሌሊቱን ሰዓት ተመልከቱ።