የጀልባው ሞተር ሞቋል ወይስ ጌጁ ተሳስቷል?

ጥያቄ፦ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በውስጧ የተገጠመላት ጀልባ አለችኝ። ሞተሩ የራሱ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለው ሲሆን፣ ፈሳሹ የሚቀዘቅዘው ከውጭ በሚሳብ ውሃ ነው። የሙቀት ጌጁ መርፌ ለዓመታት በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጸንቶ ይቆም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በተለመደው ፍጥነት ሩብ ሰዓት ያህል ስጓዝ ቀስ እያለ ወደ 95 ይወጣና ፍጥነት ስቀንስ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ፣ ማታ የጉዞ መብራቶቹን ሳበራ መርፌው በአንድ ጊዜ ዘሎ ከ100 ያልፋል። መካኒክ ቴርሞስታቱንም (የፈሳሹን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ) ሴንሰሩንም (ሙቀቱን ለጌጁ የሚያሳውቀውን) ቀይሮልኛል፤ ለውጥ ግን አላየሁም። ሞተሩ በእርግጥ እየሞቀ ነው ወይስ ጌጁ ነው የሚያሳስተኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ሁለት ምልክቶች ከአንድ ብልሽት የመጡ አይመስሉንም። ያን ያህል ብረትና በውስጡ የሚዘዋወረው ፈሳሽ መብራት በበራበት ቅጽበት በ20 ዲግሪ ሊሞቅ፣ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ሊበርድ አይችልም። ስለዚህ የመርፌው ዝላይ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። በአንጻሩ ከጭነት ጋር ቀስ ብሎ የሚወጣና ጭነት ሲቀንስ የሚወርድ ንባብ የእውነተኛ ሙቀት ጠባይ ነው። ሁለቱንም መጠገን ይኖርብዎታል። ይሁን እንጂ በኤሌክትሪኩ እንዲጀምሩ አጥብቀን እንመክራለን፤ ጌጁ እስካልታመነ ድረስ በማቀዝቀዣው ላይ የሚያደርጉት ጥገና መሥራት አለመሥራቱን የሚያውቁበት መንገድ አይኖርም።

በመርፌ የሚሠራው ጌጅ በቀጥታ የሚለካው ሙቀትን ሳይሆን በሴንሰሩ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ሴንሰሩ ሲሞቅ በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ በአሜሪካውያን ስሪት በ38 ዲግሪ ወደ 450 ኦም የነበረው በ121 ዲግሪ ወደ 30 ኦም ይወርዳል፤ በብዙ የአውሮፓ ስሪቶች ደግሞ በ40 ዲግሪ ከ300 ኦም በታች ነው። መካኒክዎ የገጠመው አዲስ ሴንሰር ከጌጁ ቤተሰብ፣ ማለትም ከጌጁ ጋር ከሚስማማው ስሪት ካልሆነ፣ ሁለቱም ምንም ሳይበላሹ ንባቡ ስሕተት ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ በሴንሰሩና በጌጁ ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥር ማመሳከር ይበቃል።

ዝላዩን በተመለከተ የምንጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር ነው። ብዙ ጊዜ መብራቶቹና ጌጁ ከዳሽቦርዱ ጀርባ አንድ መመለሻ ሽቦ ይጋራሉ፤ የዚያ ሽቦ መጋጠሚያ ሲዝግ ወይም ሲላላ፣ የመብራቱ ፍሰት እዚያ ተጨናንቆ የጌጁን ንባብ ያዛባል። መብራቱ በርቶ ሳለ ቴስተርዎን በቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በጌጁ የማሳ ብሎን፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያሳርፉ። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካዩ ችግሩን አግኝተውታል ማለት ነው። ከጌጁ ማሳ በቀጥታ ወደ ባትሪው ጊዜያዊ ሽቦ ዘርግተው ዝላዩ ከቀረ፣ ማረጋገጫው ይኸው ነው። በዚህ አጋጣሚ አዲሱ ሴንሰር ሲጠብቅ በጥርሱ ላይ ነጩ የቧንቧ ላስቲክ ተጠቅልሎ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በዚያው ጥርስ በኩል በመሆኑ ጥቅሉ ከበዛ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ጌጁ ከእውነቱ አሳንሶ ያነባል።

ጌጁ ከተስተካከለ በኋላ ንባቡን በሌላ መሣሪያ ያመሳክሩ። በኢንፍራሬድ የሚሠራው ቴርሞሜትር ለዚህ ምቹ ነው፤ ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ በቴርሞስታቱ ቤት ላይ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቴፕ ለጥፈው ቴፑን ይለኩ። የብረቱ ገጽ ከፈሳሹ ጥቂት ዲግሪ ቢያንስ አያስደንግጥዎ።

አሁን ወደ እውነተኛው ሙቀት እንምጣ። በዝግታ ሲጓዙ ደኅና ሆኖ በፍጥነት ብቻ የሚሞቅ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ከውጭ የሚገባው ውሃ ማነሱን ነው። ፍለጋውን ውሃው ከሚገባበት ጀምረው ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ቢከተሉ፣ አንድን ክፍል ሁለት ጊዜ ከመፍታት ይድናሉ። የመግቢያው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል? በመግቢያው ላይ የውሃ አረም ወይም ላስቲክ ተለጥፏል? ማጥለያው ንጹሕ ነው? የማጥለያው ክዳን ጎማ ካረጀ ፖምፑ ከውሃ ጋር አየር ይስባል፤ ክዳኑ ግልጽ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ አረፋ ሲያልፍ ያዩታል። ፖምፑን የሚያሽከረክረው ቺንጋ ከሆነ ቺንጋው መላላቱንም ይፈትሹ።

ቀጥሎ የፖምፑን ኢምፔለር፣ ይኸውም ባለ ጎማ ክንፍ ተሽከርካሪውን ያውጡ። ይህ ጎማ በውሃ ካልራሰ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። አንድ ክንፍ ተቆርጦ ካገኙት አዲስ ገጥሞ መሄድ አይበቃም፤ የተቆረጠው ቁራጭ የሆነ ቦታ አለ፣ ብዙውን ጊዜም በሙቀት መለዋወጫው፣ ማለትም የውጭው ውሃ የሞተሩን ፈሳሽ በሚያቀዘቅዝበት ክፍል አፍ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ሰብስበው ክንፉን መልሰው እስኪያሟሉ ድረስ ሥራው አላለቀም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው ይህን የምናጠብቀው። የሙቀት መለዋወጫው ቀጫጭን ቱቦዎች በደለል፣ በጨው ንጣፍ ወይም ሌላውን ብረት ከዝገት ለማዳን ራሱ እንዲበላ ከተገጠመው የዚንክ ዘንግ በረገፈ ስብርባሪ ሊዘጉም ይችላሉ። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ካገኙት፣ ውሃው ከጭሱ ጋር የሚቀላቀልበትን የጭስ ማውጫ ክርን ይፍቱ፤ ዝገትና ጥላሸት ውስጡን ሲያጠበው ውሃውም ጭሱም መውጫ ያጣሉ።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ነገሮችን አደራ እንላለን። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የፈሳሹን ክዳን አይክፈቱ፤ ፈሳሹ በግፊት ታምቆ በ100 ዲግሪ እንኳ ሳይፈላ ይቆይና ክዳኑ ሲከፈት ፈልቶ ይፈናጠራል። ሁለተኛው፣ ዝቅ ያለ ንባብ ሁልጊዜ የደኅንነት ምልክት አይደለም። ፈሳሹ ፈስሶ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ከቀረ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። የውጭው ውሃ በድንገት ሲቋረጥም ጌጁ ከመንቃቱ በፊት የጭስ ማውጫው ጎማ ቱቦ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ከኋላ የሚወጣው ውሃ መጠን ቢቀንስ፣ የጭሱ ድምፅ ቢለወጥ ወይም እንፋሎት ቢበዛ፣ ጌጁ የፈለገውን ቢያሳይ ፍጥነት ቀንሰው ሞተሩን ያጥፉ።

ጥያቄ፦ ጀልባዬ ላይ ሁለተኛ የመሪ ቦታ ሠርቼ ለዚያ ሌላ የሙቀት ጌጅ አስገጠምሁ፤ ሽቦውንም ከነባሩ ሴንሰር ወሰድሁ። ቀድሞ 75 ይል የነበረው አሁን በሁለቱም ጌጆች 55 ይላል። ሞተሩ ከመጠን በላይ እየቀዘቀዘ ይሆን?

መልስ፦ ሞተሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሴንሰሩ የተሸከመው ፍሰት ነው። ሁለት ጌጆች በአንድ ሴንሰር በኩል ፍሰታቸውን ሲያሳልፉ፣ በሴንሰሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ስለሚል ለእያንዳንዱ ጌጅ ሴንሰሩ ከእውነቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ስሕተቱ ወደ አደገኛው አቅጣጫ ያዘነበለ ስለሆነ በቸልታ አይለፉት፤ ሞተሩ በእውነት ሲሞቅ ሁለቱም ጌጆች ደኅና ነው ይሉዎታል። ለሁለት የመሪ ቦታ ተብሎ የተሠራ፣ የመቋቋም አቅሙ የተለመደው ግማሽ የሆነ ሴንሰር ይገኛል፤ ከጌጆችዎ ቤተሰብ የሆነውን ይግጠሙ። እስኪያገኙት ድረስ የሁለተኛውን ጌጅ የሴንሰር ሽቦ ነቅለው ጫፉን በቴፕ ይሸፍኑት፤ የመጀመሪያው ጌጅ ወዲያው ወደ 75 ሲመለስ ያያሉ። ካልተመለሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ነውና ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቶ እንደሆነ ይፈትሹ።