ስኪው ለልጁ አጥሯል፤ አሁን ለማን ይሸጥ?

እዚህ ኮሎራዶ፣ በዴንቨርና በአውሮራ፣ የብዙዎቻችን ጋራዥ ልጆቻችን አድገው ባነሳቸው የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ዕቃ እየሞላ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ በአንድ ዓመት ቁመቱ ተመዘዘ፤ ስኪውም ጫማውም አነሱት። አንድ ላይ ልሽጣቸው ወይስ ለየብቻ? ዋጋውንስ እንዴት ልተምን? (እናት፣ ከአውሮራ)

መልስ፦ ለየብቻ ይሽጧቸው። ጫማው ልክ የሚሆናት ልጅ ስኪው ሊረዝምባት ይችላል፤ አንድ ላይ ካሰሯቸው በሁለቱም ገዢ ያጣሉ።

ዋጋውን ሲተምኑ አዲሱን የገዙበትን ይርሱት። የስኪ ሱቆች የልጆችን ስኪ፣ ጫማና ዱላ ለሙሉ የበረዶ ወቅት ያከራያሉ። ገዢዎ በልቡ የሚያወዳድረው ከዚያ ጋር ነው፤ ተከራይቶ መመለስ እየቻለ ላገለገለ ዕቃ የበለጠ የሚከፍል ወላጅ የለም። የሰፈርዎን ሱቅ ኪራይ ይጠይቁና ከዚያ ዝቅ ይበሉ። ኢንተርኔት ላይ ሲያዩም ሰው የጠየቀውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ይመልከቱ።

ጊዜው ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። በነዚህ ወራት የስኪ ክለቦችና ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ዕቃ ገበያ ያዘጋጃሉ፤ ዕቃዎን ይረከቡና ሲሸጥ ድርሻቸውን ቆርጠው ቀሪውን ይሰጡዎታል። በኤፕሪል ሁሉም ጋራዡን ስለሚያጸዳ ዋጋው ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን የቆየ ስኪ ሸጥኩ። ገዢው ባይንዲንጉን ለማስተካከል ሱቅ ቢወስደው «ይህን አንነካም» ብለው መለሱት። ስኪው ግን አንድ ጭረት የለውም። ገንዘቡን ልመልስ?

መልስ፦ አዎ፣ ይመልሱ እህቴ። ጥፋቱ የእርስዎ ባይሆንም ሰውየው በዚያ ስኪ ተራራ መውጣት የለበትም።

ባይንዲንግ ጫማውን ስኪው ላይ ይይዛል፤ ዋናው ሥራው ግን ሰው ሲወድቅ ጫማውን መልቀቅ ነው። በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነው ዲን የሚባለው ቁጥር ነው፤ ባይንዲንጉ ላይ ከፊትና ከኋላ ባሉት ትንንሽ መስኮቶች ይታያል። ባለሙያው ቁጥሩን የሚያወጣው ከተጠቃሚው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ችሎታና ከጫማው ሶል ርዝመት ነው። ከጠበቀ፣ እግር ሲጠመዘዝ ሳይለቅ ይቀርና የጉልበት ጅማት ይበጠሳል ወይም አጥንት ይሰበራል። ከላላ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ይፈታል።

አምራቾች ጉዳት ቢደርስ ከሱቁ ጋር በኃላፊነት የሚቆሙላቸውን ባይንዲንጎች ዝርዝር በየዓመቱ ያወጣሉ። ያረጀ ሞዴል ከዝርዝሩ ከወጣ፣ ምንም ደህና ቢመስል ሱቁ አይነካውም። ስኪው አዲስ ባይንዲንግ ሊገጠምለት ይችላል፤ ለቆየ ስኪ ግን ወጪው አያዋጣም። በኮሎራዶ አሮጌ ስኪ ወንበርና አጥር የሚሠሩበት ሰዎች ስላሉ «ለመንሸራተት አይሆንም» ብለው በግልጽ ጽፈው በርካሽ ይስጡት።

ሌሎቻችሁም ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት የባይንዲንጉን ስምና ሞዴል ይዛችሁ ሱቅ ደውሉ። ጫማ የምትሸጡ ተረከዙ አካባቢ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 305 ሚሊሜትር የሚለውን፣ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ፤ ባለሙያው የሚፈልገው እሱን ነው። 26.5 የሚለው የእግር ርዝመት በሴንቲሜትር ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ከ10 ዓመት በላይ የቆየ ጫማ ከሆነ ዕድሜውን ደብቃችሁ አትሽጡ፤ ፕላስቲኩ ከላይ ጤነኛ መስሎ ብርድ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። የስኪው የብረት ጠርዝ ላይ ያለ ቀላል ዝገት ግን ተሞርዶ ይጠፋል፤ በእሱ አትጨነቁ።

ጥያቄ፦ ሄልሜትስ ይሸጣል?

መልስ፦ አንዴ በኃይል ከተመታ አይሸጥም፣ በነጻም አይሰጥም። የውስጡ ፎም ምቱን የሚችለው ራሱ ተጨፍልቆ ነው፤ ከውጭ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ያልተመታ ከሆነም ውስጡ የተለጠፈውን የምርት ዓመት ለገዢው ያሳዩ። ለልጆቻችሁ ስትገዙ ግን ሌላውን ሁሉ አሮጌ ግዙ፣ ሄልሜቱን አዲስ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ሲለቁ ቀጭንና ረጅም ስኪ ሰጡኝ። ጫማው ከፊት ብቻ ነው የሚያያዘው፣ ተረከዙ ይነሳል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ደህና ነው። ይህ ሜዳና ዳገት የሚኬድበት የአገር አቋራጭ ስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረውም በዚህ ስፖርት ነው። ጫማውን ከስኪው ጋር አብረው ይሽጡት፤ የባይንዲንጉ ዓይነት ከጫማው ካልገጠመ አይሠራምና።

ጥያቄ፦ ለስኪዬ 200 ዶላር ጠየቅሁ። አንዱ «ከከተማ ውጭ ነኝ፤ የ600 ዶላር ቼክ እልክልሃለሁ፣ ትርፉን ዕቃውን ለሚወስደው ሰው ስጥልኝ» አለኝ። ልቀበል?

መልስ፦ አትቀበል ወንድሜ፣ ሌባ ነው። ቼኩ ባንክህ ውስጥ ለጥቂት ቀን ገንዘብ መስሎ ይታያል፤ ሐሰተኛነቱ ሲታወቅ ባንኩ 600ውን መልሶ ይወስዳል። 400ው ከኪስህ ሄደ፣ ስኪውም ሄደ። «እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ» ብሎ ስልክህ ላይ በመልእክት የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር ለሚጠይቅህም እንዳትሰጥ። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ግብይት የሚሆን ቦታ አዘጋጅተዋል፤ በቀን እዚያ ተገናኝ፣ ጥሬ ገንዘቡን ቆጥረህ ተቀበል፣ ከዚያ ስኪውን ስጥ።