ቢከስርስ ማን ይከፍላል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከድሬ

ስለ መንግሥትና የግል አጋርነት ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

«ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው የደወሌ የክፍያ መንገድ ጭነት አመላልሳለሁ። የምከፍለው ገንዘብ ለየትኛው ባለሀብት ነው የሚገባው?» (ሹፌር፣ ሳቢያን)

ለማንም ባለሀብት አይገባም፣ ወንድሜ። የሚሰበስበው የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው፤ እሱ ደግሞ የመንግሥት ነው። መንገድ ስላስከፈለ ብቻ የግል አይሆንም። አጋርነት የሚባለው ባለሀብቱ የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ሠርቶ፣ ለዓመታት አስተዳድሮ፣ ኪሳራውንም ሲጋራ ነው።

«የሚኤሶ–ድሬዳዋ ፈጣን መንገድ በአጋርነት ይሠራል ተብሎ አልነበር እንዴ?» (ነጋዴ፣ ታይዋን ገበያ)

ተብሎ ነበር። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ (ቁጥር 1076) በ2010 ከወጣ በኋላ ለግል ባለሀብት ከታሰቡት መንገዶች አንዱ ነበር። በመጨረሻ ግን በባለሀብት ፈንታ የዓለም ባንክ ለመንግሥት የሰጠው ገንዘብ ገባበት። ባለሀብቱ ለምን ያመነታል? ሹፌሩ የሚከፍለው በብር ነው፤ ባለሀብቱ የሚበደረው በዶላር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። ታሪፉንም በእጥፍ ልጨምር ቢል አይሱዙው በአሮጌው መንገድ ይሄድበታል! ስለዚህ «ገቢው ካነሰ መንግሥት ይሙላልኝ» የሚል ዋስትና ይጠይቃል። መንግሥት ከፈረመ ደግሞ ዕዳው ዛሬ በበጀት ላይ አይታይም እንጂ አለ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

«አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ያ ባቡር የእኛ ነበር ወይስ የፈረንሳይ?» (ከዚራ)

ጥሩ ጥያቄ ነው አቦ፤ ድሬም የተወለደችው ከዚያው ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 አጼ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። መስመሩ ሐረር ሊገባ ነበር፤ ተራራው ወጪ በዛበትና ሜዳው ላይ ቀረ። በ1902 ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ድጎማ ሰጠ፤ ከድጎማው ጋር እጁንም አስገባ። ምኒልክ ይህን አልወደዱትም። ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ ኩባንያው በ1907 ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ የተደረሰው በ1917 ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠብ ያስነሳው ኪሳራው ነው። ውሉ ሲፈረም «ቢከስርስ?» ብሎ በግልጽ የጻፈ ቢኖር ያን ያህል ባልተጓተተ።

«የሐረር ውሃ ለግል ይሰጥ!» (ጁገል)

ቀስ! የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃው የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከድሬ በኩል ያለው ደግሞ ሽቅብ በፓምፕ ተገፍቶ። የመብራቱን ሒሳብ ብቻ አስቡት። ሙሉ ወጪው በታሪፍ ይመለስ ቢባል የጁገል ቤተሰብ አይችለውም፤ ካልተመለሰ የግል ድርጅቱ አይመጣም። ቆጣሪ ማንበብንና የሚያፈስ ቧንቧ መጠገንን በአጭር ኮንትራት መስጠት ግን ይቻላል። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምራለሁ።